ለፓወር ሰፕላዬ ማብሪያ ማጥፊያ ስበይድ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወደ ዝቅተኛ ቮልት የሚቀይረው የፓወር ሰፕላዬ ሥራ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ደርሷል። ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት ያወርዳል፤ አራት ዳዮዶች ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ከረንት) ይቀይሩታል፤ የ4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሞገዱን ያለሰልሳል፤ ኤልኤም 317 የተባለው የቮልት መቆጣጠሪያ ደግሞ መውጫውን ከ1.25 ቮልት ጀምሬ እንደፈለግሁ እንዳስተካክል ያስችለኛል። የቀረው በግድግዳው ሶኬትና በትራንስፎርመሩ መካከል የሚገባው ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። ብዙ ጊዜ ይህ ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ነው፤ በመላው ሳጥን ውስጥ የሰው ጣትና 220 ቮልት ይህን ያህል የሚቀራረቡበት ሌላ ቦታ የለምና።

መጀመሪያ የወሰንኩት ቦታውን ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ከትራንስፎርመሩ በኋላ፣ በ12 ቮልቱ በኩል ቢገባ ሥራው ብዙም አያስፈራም። ነገር ግን ትራንስፎርመሩ ሁልጊዜ ኃይል እንደያዘ ይኖራል፤ ምንም ሳይሠራ ይሞቃል፤ በ220 ቮልቱ መጠምጠሚያ ላይ ብልሽት ቢፈጠር ደግሞ ማጥፋት ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ከገመዱ ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዙ ወደ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከዚያ ወደ ትራንስፎርመር እንዲሄድ አደረግሁ። ፊውዙ ቀድሞ ሲገባ ማብሪያ ማጥፊያውንም ጭምር ይጠብቃል።

የመረጥኩት ፌዙንና (220 ቮልቱን የሚያመጣውን ሽቦ) ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) በአንድ ጊዜ የሚቆርጠውን ባለ አራት እግር ዓይነት ነው። ባለ ሁለት እግሩም ይሠራል፤ ነገር ግን ሁለት ጥርስ ያለው መሰኪያ ተገልብጦ ሊሰካ ይችላል። ያን ጊዜ የሚቆረጠው ኒውትራሉ ይሆንና ሳጥኑ የጠፋ እየመሰለ ፌዙ እስከ ትራንስፎርመሩ ድረስ ይደርሳል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ባለ ሁለት እግሩን ለዚህ ሥራ ማሰብ ትቻለሁ። የመሬት መስመሩ ግን በየትኛውም ማብሪያ ማጥፊያ አያልፍም፤ ከገመዱ ወጥቶ በቀጥታ ከብረት ሳጥኑ ጋር በብሎን ይታሰራል። ብሎኑ ሥር ያለውን ቀለም ፋቁት፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ማብሪያ ማጥፊያው ላይ 250 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየረው የግድግዳው ኤሌክትሪክ)፣ 6 አምፔር ተጽፎበታል። የእኔ ትራንስፎርመር አቅም 30 ቮልት አምፔር (ቮልቱ በአምፔር ሲባዛ) ስለሆነ በሙሉ ጭነት የሚስበው ወደ 0.14 አምፔር ብቻ ነው። ልዩነቱ የበዛ ይመስላል። ይሁን እንጂ ትራንስፎርመርና ባዶ ካፓሲተር በሚበሩባት ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባሉ፤ በማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ሲበራ የሚነካኩትን ነሐሶች የሚበላው ያ ቅጽበት ነው። ፊውዙም ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት መሆን ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ብየዳው ልምጣ፤ ብዙ የተማርኩት እዚህ ነው። ዋናው ነገር፣ ሽቦውን አጥብቆ መያዝ ያለበት ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ) አይደለም። ቆርቆሮና እርሳስ ለስላሳ ብረቶች ናቸው። ሽቦው በእግሩ ቀዳዳ ገብቶ መታጠፍና በፒንሳ መጨበጥ አለበት፤ ሳይበየድ እንኳ ቢሳብ መውጣት የለበትም። ሊዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አየርን ለመዝጋትና ለኤሌክትሪኩ ሰፊ መተላለፊያ ለመስጠት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ከያዝኩ ወዲህ ሥራዬ ሁሉ ተለውጧል።

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። የማብሪያ ማጥፊያው እግሮች ፕላስቲክ ውስጥ ስለተተከሉ፣ እግሩ ብዙ ሲሞቅ ፕላስቲኩ ይለሰልስና እግሩ ይዘማል፤ ውስጥ ያሉት ነሐሶችም ላይገጣጠሙ ይችላሉ። ታዲያ የካውያውን (የመበየጃውን) ሙቀት መቀነስ መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ተቃራኒው ነው። ቀዝቃዛ ካውያ እግሩ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሙቀቱም ወደ ፕላስቲኩ ለመድረስ ፋታ ያገኛል። የሠራልኝ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ጫፍ በ350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አድርጎ በሁለት ሦስት ሰከንድ ጨርሶ መውጣት ነው። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው ሊድ በ183 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ይህ ጊዜ በቂ ነው። እግሩን አስቀድሜ በስሱ እፍቀዋለሁ፤ ሽቦውንም እግሩንም ለየብቻ ቀጭን ሊድ አለብሳቸዋለሁ። ስበይድ ማብሪያ ማጥፊያውን በርቶ በሚቆይበት ቦታ ላይ አደርገዋለሁ፤ ነሐሶቹ ተጫጭነው ስለሚቆዩ ፕላስቲኩ ቢለሰልስ እንኳ እግሩ ከቦታው አይሸሽም። በእርግጥ ይህ ሁሉ ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ ነው።

ሊዱን ካውያው ላይ አታቅልጡት። ካውያው እግሩንና ሽቦውን ያሙቅ፤ ሊዱ በሌላው በኩል ይነካና በራሱ ይፍሰስ። ጥሩ ብየዳ ጠርዙ ወደ ብረቱ ቀጥኖ የሚያልቅ ነው፤ የሽቦው ክሮች ቅርጽም ከሊዱ ሥር ይታያል። ድቡልቡል ብሎ እንደ ጤዛ የተቀመጠ ከሆነ ብረቱን አልያዘም። መደብዘዝን ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ትክክል አይደለም፤ እርሳስ የሌለበት ሊድ በደንብ ተበይዶም ደብዛዛ ሊሆን ይችላል።

በሙቀት የሚኮማተረው መሸፈኛ ቱቦ ሽቦው ላይ ሳይገባ ካውያ አላነሳም። ቱቦውን ከእግሩ አርቄ እገፋዋለሁ፤ ቅርብ ከሆነ በብየዳው ሙቀት እዚያው ይኮማተራል። በመጨረሻ የእግሩ ብረት ምንም ሳይታይ መሸፈን አለበት።

በብሎን ለሚታሰሩ ሽቦዎች ግን ሊድ አልጠቀምም። የፊውዝ ቤቴ በብሎን የሚያስር ነው። ሊድ የለበሰ የሽቦ ጫፍ በብሎን ሲጫን መጀመሪያ ጥብቅ ይመስላል፤ ከጊዜ በኋላ ለስላሳው ሊድ ከጫናው ሥር እየሸሸ ይላላል፤ የላላ መገጣጠሚያ ደግሞ ይሞቃል። ለዚህ ጫፉ ላይ ተሰክቶ የሚጨመቅ ትንሽ የብረት ቱቦ ይሻላል።

ሶኬት ላይ ከመሰካቴ በፊት በመልቲሜትር ለካሁ። የማብሪያ ማጥፊያውን እግሮች ከመበየዴም በፊት ለክቻቸው ነበር፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ከአንዱ ሥሪት ወደ ሌላው ይለያያልና በዓይን መገመት አይገባም። አሁን በመሰኪያው ሁለት ጥርሶች መካከል ሲጠፋ ምንም ግንኙነት የለም፤ ሲበራ ወደ 90 ኦም ያሳያል። ይህ ቁጥር ትንሽ ቢመስልም አያስደንግጥ፤ በኤሲ ላይ መጠምጠሚያው የሚያሳየው ተቃውሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከመሰኪያው የመሬት መገናኛ እስከ ሳጥኑ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት፤ ከሁለቱ ጥርሶች እስከ ሳጥኑ ደግሞ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያበራሁት በመስመሩ መካከል 40 ዋት የክር አምፖል አስገብቼ ነው። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ፤ የሚፈለገውም ይህ ነው። ደምቆ ቢቀር ኖሮ አጭር ዙር (ሾርት) አለ ማለት ነበር፤ አምፖሉም ከረንቱን ገድቦ ጉዳቱን ያስቀር ነበር። ለዚህ የኤልኢዲ አምፖል አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ጨመርኩ። መውጫው ላይ ምንም ሳይገናኝ ሲጠፋ ካፓሲተሩ 16 ቮልት ገደማ ይዞ ይቆያል። በሁለቱ እግሮቹ መካከል 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በየድኩ። አሁን በ4.7 ሰከንድ ወደ 6 ቮልት ይወርዳል። ሬዚስተሩ ሳያቋርጥ ሩብ ዋት ያህል ስለሚያቃጥል የግማሽ ዋቱ ሊሞቅ ይችላል፤ እኔ የ1 ዋቱን ነው የተጠቀምኩት።

ቀጣዩ ሥራ መውጫው ላይ ሁለተኛ ማብሪያ ማጥፊያ ማስገባት ነው፤ ቮልቱን አስተካክዬ ከጨረስኩ በኋላ ብቻ ዕቃውን ለማገናኘት። ይህኛው ዲሲ ስለሚቆርጥ 250 ቮልት ኤሲ የሚለው ጽሑፍ አይጠቅመኝም። ኤሲ በ50 ኸርዝ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚደርስ ብልጭታው ቶሎ ይጠፋል፤ ዲሲ ግን ፋታ የለውም፤ ስለዚህ ለዲሲ የተጻፈውን ቁጥር እየፈለግሁ ነው። የቮልት መለኪያውን ከማብሪያ ማጥፊያው በፊት ላደርገው አስቤአለሁ፤ ሳላገናኝ ቮልቱን ለማየት የሚያስችለኝ ያ ነው። ትንንሽ ሞተሮችንም ስለምሞክርበት በመውጫው ላይ ተገልብጦ የሚታሰር ዳዮድ እጨምራለሁ። በመውጫ በኩል ማብሪያ ማጥፊያ አስገብታችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ አወንታዊውን ብቻ ነው የምትቆርጡት ወይስ ሁለቱንም?