ሙዳይዋ የት ትግባ?

እንኳን ለ85ኛው የአርበኞች የድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ! አራት ኪሎ ለወጣችሁም፣ «ዛሬ ሥራ የለም» ብላችሁ እስካሁን ብርድ ልብስ ውስጥ ላላችሁም።

እኔ በጠዋት ወጥቼ ነበር። የአባቶቻቸውን ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ የደረደሩ ልጆች ሲፎክሩ አየሁ። ልጆች ስል ሰባ ያለፋቸውን ማለቴ ነው። አንዱ ፉከራቸውን ሊጨርሱ ሲሉ አንድ ጎረምሳ ስልኩን አወጣ። ሰውዬው አላሳፈሩትም፤ ወደ ካሜራው ዞር አሉና ከ«ዘራፍ» ጀመሩለት። ቆሞ የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ሥላሴ ጎራ አልኩ። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ከአርበኞቹ ጋር እዚያ ናት። ለኢትዮጵያ የተሟገተችበት ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም የወጣው ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ቀን ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928። እኛ በተሸነፍንበት ቀን ሥራ የጀመረች ሴት። ልጇ ሪቻርድም በ2009 ዓ.ም. አርፎ እዚያው ተቀብሯል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር እሱ ነበር። ቀጥሎ መንገዴ ወደዚያው፣ ወደ ስድስት ኪሎ ነበር።

ይህን መንገድ በየዓመቱ ከእትዬ ጋር ነበር የምሄደው። ዘንድሮ ብቻዬን ነኝ። እትዬ በሁዳዴ አረፉ፤ አርባቸውም ወጣ። ሰፈራችን ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ለሌሎቻችሁ ስማቸውን አልጽፍም፤ በሕይወት እያሉም ስማቸው በየቦታው ሲነሳ አይወዱም ነበር።

እናታቸው ውስጥ አርበኛ ነበሩ። ከተማ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ሙዳያቸውን ይዘው ገበያ ይወጣሉ። ከላይ ባዘቶ፣ ከሥር ጥይት። ፈታሽ ወታደር ክዳኑን ከፍቶ ባዘቶውን ያያል፣ መልሶ ይዘጋል። እትዬ ይህን ሲያወሩ እንደ እናታቸው ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ነው። ከድል በኋላ ባለ አምስት ዘንባባ የተሸለሙ አሉ። የእትዬ እናት ግን አንዲትም አላገኙም። ምስክር አምጪ ተባሉ፤ ምስክሮቻቸው ደግሞ ዱር ቀርተዋል። ለባንዳ ሲላላክ የኖረ ጎረቤታቸው ግን ሹመት አገኘ። ይህችን ሲያነሱ እትዬ አይስቁም ነበር።

ሙዳይዋ አሁንም አለች። «ለሙዚየም ስጧት» እያልኩ ስንቴ ነዘነዝኳቸው። መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ወስደው ‹ሙዳይ› ብለው ይጽፉባታል።»

ሙዚየም ጠልተው እንዳይመስላችሁ። ስድስት ኪሎ ግቢው ሲደርሱ መጀመሪያ የሚሄዱት ጣሊያኖች ወዳቆሙት፣ የትም ወደማያደርሰው ደረጃ ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ አንድ የፋሺስት ዓመት ይቆጥራል። ከድል በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠ። «ቢያፈርሱት ይሄኔ ማን ያስታውሰዋል? አንበሳ ሰቀሉበትና አረፉ» ይሉ ነበር።

ሙዚየሙ ያለበት ቤት ራሱ ውስጡ ካለው ዕቃ በላይ ያወራል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል ነዋ! የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ በከተማው የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ1953 ታኅሣሥ፣ በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጊዜ ደግሞ፣ ራስ አበበ አረጋይ የተገደሉት እዚሁ፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሸዋ ላይ ለጣሊያን ሳይገቡ ተዋግተው በወገን ጥይት ወደቁ። እትዬ ስለዚህ ሲነሳ «በቃ፣ እሱን ተወው» ይሉኝ ነበር። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። መኝታ ቤታቸው ሙዚየም ሆነ፤ ሥዕሉ፣ መስቀሉ፣ በገናውና ክራሩም እዚያው ገባ።

ያ ሁሉ ዕቃ ታዲያ በራሱ እግር ተራምዶ አልመጣም። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ነው መሰብሰብ የጀመረው። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ። ገንዘብ ያሰባስባል፤ ጥንታዊ ሥዕልና ብራና በቦሌ ከመውጣቱ በፊት ከነጋዴ እጅ ይገዛል። ይህን ሥራ ስንቶቻችን እናውቃለን? መቅደላን ስናነሳ እንግሊዝን እንራገማለን፤ ተገቢ ነው። እኛው አያታችን ባረፉ ማግስት ሳጥናቸውን ለሱቅ ስንሸጥ ግን ማንም አይራገመንም።

ስለዚህ ዘንድሮ ምስጋናዬ ለጥቂት ሰዎች ነው። ለዚያ የግቢ ጥበቃ፤ እትዬ ደረጃው ጋ ሲደርሱ ሳይጠየቅ ወንበሩን የሚያመጣላቸው። ለዚያች አስጎብኚ ልጅ፤ እሷ ልታስረዳ መጥታ እሳቸው ሲያስረዷት አፏን ይዛ ላዳመጠችው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ታሪክ ለሚያጠናው ወንድሜ፤ ገና ሰሞን ቤታቸው ሄዶ ከሰዓቱን ሙሉ ድምፃቸውን በስልኩ ቀድቶ ላስቀረው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ቀን ባትመጣ ኖሮ የሙዳይዋ ነገር ከእትዬ ጋር ይቀበር ነበር።

ለሌሎቻችሁም መልካም በዓል። እናት አባት፣ አያት ያላችሁ ዛሬ ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑን ዝጉትና ጠይቋቸው። ፎቶው ጀርባ ላይም ስም ጻፉበት፤ በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ ያበላሸዋል።

አንቺ የልጅ ልጃቸው፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ሙዳይዋ ውስጥ የልጅሽን የፀጉር ላስቲክና የተሰበረ ጉትቻ አይቻለሁ። አልፈርድብሽም፤ አያትሽም የመድኃኒት ማዘዣ ይከቱባት ነበር። ስጪ ብዬም አልጨቀጭቅሽም። ግን ቅዳሜ ልምጣ። ቡና ካንቺ፣ ዳቦ ከእኔ። ድምፃቸውን እየሰማን ወረቀት ላይ እንገልብጠው፣ ሁለት ቅጂ። አንዱ ለተቋሙ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለሙዳይዋ። አንድ ቀን ልብሽ ከፈቀደ ከነወረቀቷ ትገባለች። ካልፈቀደም ላስቲኩን ብቻ ሌላ ቦታ ፈልጊለት። ባዘቶውን እኔ አመጣለሁ።