ዘንድሮ ለፋሲካ ያወጣሁት እርሾ

የምኖረው እስራኤል ውስጥ ቂርያት ማላኺ ከተማ ነው። ጎረቤቶቼ ግማሹ የኛው ሰው፣ ቤተ እስራኤል፣ ግማሹ ደግሞ ሐባድ የሚባለው የአይሁድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ ተከታዮች፣ ሐሲዲም ናቸው። አምና ለአይሁድ ፋሲካ አልጋ ስገለብጥ፣ መጋረጃ ሳወርድ፣ ልጆቹ ላይ ስጮኽ ሰነበትኩና በሴዴሩ፣ በፋሲካው ማዕድ ማታ ሁለተኛው ጽዋ ሳይደርስ እንቅልፍ ጣለኝ። አንዲት ጎረቤቴ ስቃ «አቧራ እኮ ሐሜጽ አይደለም» አለችኝ። ሐሜጽ በፋሲካ ከቤት የሚወጣው የቦካ ምግብ ነው።

ዘንድሮ ምግብ የሚደርስበትን ቦታ ብቻ አጸዳሁ። ፋሲካ አንድ ወር ሲቀረው ከሚውለው ከፑሪም በዓል ማግስት ጀምሮ ደግሞ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ማንበብ ያዝኩ። ታንያ በተባለው የሐባድ መጽሐፍ ምዕራፍ 47 ላይ ሰው በየቀኑ ከግብጽ እንደወጣ ራሱን ይቁጠር ይላል። ሐሲዲም ሐሜጹን የተነፋ ልብ፣ ቂጣውን ዝቅ ያለ ልብ አድርገው ያስተምራሉ። ይህን በዕብራይስጥ ሦስቴ አንብቤ ጠብ አላለልኝም። በአማርኛ ሳስበው ግን ሳቄ መጣ፤ ሊጡም ኩፍ ይላል፣ የተቀየመ ሰውም ኩፍ ይላል። እኔ ራሴ በሠርግ ጥሪ ሰበብ በታናሽ እህቴ ላይ ኩፍ ካልኩ ሁለት ዓመቴ ነበር።

የፊደሉ ነገርም ያዘኝ። ሐሜጽና ማጻ (ቂጣው) በዕብራይስጥ ሲጻፉ ሁለት ፊደል ይጋራሉ፤ የሚለያቸው ሔትና ሄ የሚባሉት ፊደላት ናቸው። ሔት ከላይ ድፍን ነው። ሄ ግን በግራ እግሩ አናት ላይ ጠባብ ክፍተት አለው፤ መመለስ ለፈለገ ሰው የተተወች በር ናት ይላሉ።

ለእህቴ ለመደወል ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ያሰናዳሁትን ንግግር ሳልጀምር «ቂጣውን ትጋግሪያለሽ ወይስ ትገዢያለሽ?» አለችኝ። በቃ፣ ያ ሆነ እርቃችን።

ኒሳን 14፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ሲገባ ማታውን ሻማ፣ ላባና የእንጨት ማንኪያ ይዘን የሐሜጽ ፍለጋ ጀመርን። እንደ ልማዱ 10 ቁራሽ ዳቦ ደብቄ ነበር፤ ልጆቹ ያገኙት 9። የደበቅኩት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ! ቦታውን ጻፉት፣ ቁራሹንም በወረቀት ጠቅልሉት። ደግነቱ፣ ያላየሁት ሁሉ እንደ ምድር አፈር ይሁን የሚባለው የአራማይክ ቃል አለ። እናቴ ግርግራችንን አይታ «እኛ አገር ሸክላውን ሰባብረን በአዲስ እንተካ ነበር፤ ምን ያስፈልገዋል» አለች። አሥረኛዋ ጠዋት፣ ሐሜጹ የሚቃጠልበት እሳት ከነደደ በኋላ፣ ከልጄ ጃኬት ኪስ ወጣች።

በሰባተኛው ቀን ማምሻ ጎረቤቴ ቤት ለመሲሕ ማዕድ ተጠራን፤ ልማዱ የሐሲዲም እንቅስቃሴ መሥራች የባል ሼም ቶቭ ነው። እህቴም መጣች። አንድ ሽማግሌ መዋጀቱ ቀርቧል፣ ሁላችንም ተነሥተን እንሄዳለን እያሉ ሲያወሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል በእግሯ የመጣችው እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጫማ አላቸው?» አለችኝ።