ሞዝጎቭ ለምን ተቀመጠ? የአሰልጣኝ ውሳኔን የመመዘን ልምምድ፣ እስካሁን የደረስንበት

ሁለት የቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች በሦስት ቀን ልዩነት አንድ ዓይነት ውሳኔ ወሰኑ። ሁለቱም ሴንተራቸውን (ከቅርጫት ሥር የሚጫወተውን ረጅም ሰው) አስቀምጠው በአጫጭርና ፈጣን ተጫዋቾች ተጫወቱ። የጎልደን ስቴቱ ስቲቭ ኬር ሊቅ ተባለ። የክሊቭላንዱ ዴቪድ ብላት ግን ስለ ሴንተሩ ሞዝጎቭ «28 ነጥብ ያገባ ሰው እንዴት ይቀመጣል?» እየተባለ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ለዚህ የክርክራችን ዙር የ2015ን (እ.ኤ.አ.) የኤንቢኤ ፍጻሜ፣ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስን ከክሊቭላንድ ካቫሊየርስ፣ የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ውጤቱን ሸፍነን ውሳኔውን ብቻ ብንመዝነው ፍርዱ ይለወጣል ወይ? መልሱን ከወዲሁ እንናገር፤ ለኬር ብዙም አይለወጥም፣ ለብላት ግን በጣም ይለወጣል።

ተከታታዩን ላላየ ሰው ባጭሩ፦ ከሦስት ጨዋታ በኋላ ክሊቭላንድ 2 ለ 1 ይመራ ነበር። ኬቨን ላቭ በመጀመሪያው ዙር ትከሻው ተጎድቶ ወጥቷል፤ ካይሪ ኧርቪንግ ደግሞ በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ የጉልበቱ ሎሚ ተሰብሯል። ብላት በቀረው ሰው ጨዋታውን አዘገመው። ሌብሮን ጄምስ ኳሷን ይዞ ለአንድ ጥቃት የሚፈቀደውን የ24 ሰከንድ ሰዓት ይበላል፣ ቲሞፌይ ሞዝጎቭና ትሪስታን ቶምሰን ከቅርጫቱ ሥር የተሳተውን ይለቅማሉ። ሁለተኛው ጨዋታ በተጨማሪ ሰዓት 95 ለ 93፣ ሦስተኛው 96 ለ 91 ያለቀው በዚህ መንገድ ነው። መሮጥ ለለመደ ቡድን እንዲህ ያለ ጨዋታ እግር እንደ መታሰር ነው።

ሉሁ እንዴት ተሠራ

ቪዲዮ እያየን እያንዳንዱን ጥቃት በአንድ መስመር የምንመዘግብበት ሉህ ሰባት ዓምድ አለው፦ ሩብና የቀረው ሰዓት፣ ሜዳ ላይ ያሉት አሥር ተጫዋቾች፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ፣ ጥቃቱ በምን እንደተጀመረ፣ መከላከሉ ምን እንደመለሰ (ስዊች ማለትም የሚጠብቁትን ሰው መለዋወጥ፣ ትራፕ ማለትም ኳስ በያዘው ላይ ሁለት ሰው መላክ፣ ወይም ወደ ቅርጫት ማፈግፈግ)፣ የውርወራው ጥራት፣ በመጨረሻም ውጤቱ። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጨዋታ በግምት ከ90 እስከ 100 ጊዜ ያጠቃል፤ ስለዚህ ለአንድ ጨዋታ 200 ገደማ መስመር ይበቃል። ሁሉንም ዓምድ በአንድ እይታ ለመሙላት መሞከር የጀማሪ ስህተት ነው። በመጀመሪያው እይታ ሰዓትና ተጫዋች ብቻ ይሞላል፣ በሁለተኛው የመከላከሉ መልስ፣ በሦስተኛው የውርወራው ጥራት። አንድ ሩብ በትንሹ አንድ ሰዓት ይወስዳል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ስድስተኛው ዓምድ ነው። ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ስትለቅ ቪዲዮው ይቆማል፣ ሀ፣ ለ ወይም ሐ ይጻፋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። «ሀ» ማለት እግሩ የረጋ፣ በክንድ ርቀት ውስጥ ተከላካይ የሌለበት ተጫዋች ነው። «ለ» ተከላካይ እየደረሰበት የወረወረ። «ሐ» እጅ ፊቱ ላይ ያለ፣ ወይም የ24 ሰከንዱ ሰዓት ከ4 በታች ወርዶበት የወረወረ። ቪዲዮው ሳይቆም ከተሞላ ዓምዱ ዋጋ የለውም፤ የገባ ሁሉ «ሀ»፣ የሳተ ሁሉ «ሐ» ይሆናል። ሰው ሳያውቀው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ስለዚህ ሰባተኛውን ዓምድ ሌላ ሰው ቢሞላው ይሻላል።

ስህተቶች በብዛት የገቡት ስም ላይ ነበር። የጎልደን ስቴቱ ድሬሞንድ ግሪንም የክሊቭላንዱ ሌብሮንም 23 ቁጥር ለባሾች ናቸው። ቶምሰን ሁለት አሉ፣ ክሌይ በ11፣ ትሪስታን በ13። በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ አሰልጣኙ ኬርና ተጫዋቹ ከሪ በአናባቢ ብቻ ይለያያሉ። ከማሊያ ቁጥሩ ፊት «ጎ» (ጎልደን ስቴት) ወይም «ክ» (ክሊቭላንድ) ማስቀደም መፍትሔ ሆኗል። ሁለተኛው ችግር ሪፕሌይ ነው፤ አንዳንዴ ሪፕሌዩ የሚቀጥለውን ጥቃት መነሻ ይሸፍነዋል። እዚያ ላይ «አልታየም» ተብሎ ይጻፋል እንጂ አይገመትም።

ለማረጋገጫ አንድ ቀላል ሂሳብ አለ። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው፣ ሜዳ ላይ አምስት ሰው አለ፤ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ደቂቃ ሲደመር 240 መምጣት አለበት። ካልመጣ አንድ ቅያሪ አምልጧል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው በቅጣት ውርወራዎች መካከል የሚደረገው ነው።

አራተኛው ጨዋታ

ጁን 11፣ ክሊቭላንድ። ኬር ሴንተሩን አንድሩ ቦገትን አስቀምጦ አንድሬ ኢጉዳላን አስጀመረ። ኢጉዳላ በዚያ የውድድር ዘመን እስከዚያ ቀን አንድም ጨዋታ አልጀመረም ነበር። ሐሳቡ የመጣው ኒክ ዩሬን ከሚባል የ28 ዓመት ረዳት ነው። የ2014ን ፍጻሜ ቪዲዮ ሲያይ ሳን አንቶኒዮ ከሦስተኛው ጨዋታ ጀምሮ በቲያጎ ስፕሊተር ፋንታ ቦሪስ ዲያውን ማስጀመሩን ልብ አለና ለኬር አደረሰው። ኬር ከጨዋታው በፊት ለጋዜጠኞች አሰላለፍ እንደማይለውጥ ተናግሮ ነበር፤ ዋሽቶ እንደነበር በኋላ ራሱ አምኗል።

የለውጡን ጥቅም ለማየት ኳሷን መከተል ይቅር፤ የሞዝጎቭን እግር ተከተሉ። ክሊቭላንድ ስቴፈን ከሪ ስክሪን ሲያገኝ (የቡድን ጓደኛው ቆሞ ጠባቂውን ሲዘጋለት) ሁለት ሰው ይልክበት ነበር። ከሪ ኳሷን ለግሪን ይለቃል፣ ግሪን በቅጣት መወርወሪያው መስመር አካባቢ አራት አጥቂ በሦስት ተከላካይ ላይ ሆኖ ያጠቃል። ቦገት ሜዳ ላይ ሲሆን ይህ ብልጫ ይባክናል፤ ቦገት ከሩቅ ስለማይወረውር ጠባቂው ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ግሪንን ይጠብቀዋል። በቦገት ቦታ ኢጉዳላ ሲቆም 216 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ሞዝጎቭ ሁለት መጥፎ ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፦ ቅርጫቱን ትቶ መውጣት ወይም ኢጉዳላን ብቻውን መተው። ኢጉዳላ በዚያ ሌሊት 22 ነጥብ አገባ።

ዋጋውስ? ሞዝጎቭ 28 አገባ። ጠዋት ላይ ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላይ ጨዋታው የተጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስለነበር እንዲህ ያየው ብዙ ነው። ነገር ግን 28ቱ ኬር አስቀድሞ የከፈለው ዋጋ ነው። በቅርጫት ሥር ሁለት ሁለት ነጥብ እየሰጠ በምትኩ ሩጫን ገዛ፤ እያንዳንዱ የክሊቭላንድ ጥቃት ካለቀ በኋላ ረጅሙ ሰው ሜዳውን ሙሉ ወደ ኋላ መሮጥ ነበረበት።

እኛ ከአሰላለፉ ይልቅ የምናደንቀው ሌላ ውሳኔ አለ፣ ብዙም አይወራም። ክሊቭላንድ ጨዋታውን በ7 ለ 0 ጀመረ። ኬር ታይም አውት ጠራ፣ ግን ቦገትን አልመለሰም። ሩቡ 31 ለ 24 በጎልደን ስቴት መሪነት አለቀ፤ ከታይም አውቱ በኋላ 31 ለ 17 ማለት ነው። ዕቅድን በሦስተኛው ደቂቃ ያልጣለ አሰልጣኝ ዕቅዱን ያመነበት ነው።

በቁጥር መታለል

ጨዋታው 103 ለ 82 አለቀ። ክሊቭላንድ ከ27 የሦስት ነጥብ ውርወራ 4 ብቻ አገባ። የብላት ደጋፊ «ኳሷ አልገባችም እንጂ ታክቲኩ ደህና ነበር» ይላል። ይህን መሞከር ይቻላል። በዚያ ዘመን የሊጉ አማካይ 35 በመቶ ነበር፤ ከ27ቱ 9 ወይም 10 መግባት ነበረበት። የጎደለው በግምት 16 ነጥብ ነው፤ የተሸነፉት ግን በ21። ዕድል አብዛኛውን ይሸፍናል፣ ሁሉንም አይሸፍንም። በዚያ ላይ የስድስተኛው ዓምድ ጥያቄ አለ፦ ከ27ቱ ስንቱ «ሀ» ነበር? በአራተኛው ሩብ ክሊቭላንድ 12 ነጥብ ብቻ አገባ፤ የደከመ እግር የወረወረውን በዕድል ማሳበብ አይቻልም። ሌብሮን በዚያ ፍጻሜ በአማካይ 45.7 ደቂቃ ተጫውቷል፣ ተጨማሪ ሰዓት የታየባቸው ሁለት ጨዋታዎች ጭምር።

ፕለስ ማይነስን (ተጫዋቹ ወይም አሰላለፉ ሜዳ ላይ ሳለ የነበረውን የነጥብ ልዩነት) በአንድ ጨዋታ መረጃ ለክርክር ማምጣት በእኛ ዘንድ ቀርቷል። አንድ አሰላለፍ ስድስት ደቂቃ ቢጫወት በግምት 12 ጥቃት ያገኛል። ከዚያ ውስጥ አንዲት ሦስት ነጥብ ገባች ወይም ሳተች ማለት በ100 ጥቃት ሲሰላ 25 ነጥብ ለውጥ ነው። በዚህ ቁጥር አሰልጣኝ ማባረርም መሾምም ይቻላል።

አምስተኛው ጨዋታና የብላት ጉዳይ

ጁን 14፣ ኦክላንድ። ብላትም በተራው በአጫጭር ተጫዋቾች ተጫወተ። ሞዝጎቭ 9 ደቂቃ ብቻ ተጫወተ፣ ነጥብ አላገባም። 104 ለ 91 ተሸነፉ። ከሪ 37 ነጥብ ነበረው፣ 17ቱ በአራተኛው ሩብ። ሌብሮን በ40 ነጥብ፣ 14 ሪባውንድ (የተሳተ ኳስ መልቀም) እና 11 አሲስት (ለነጥብ ያበቃ ማቀበል) ብቻውን ቀረ።

ውጤቱን ሸፍኑና ሰዓቱን እዩ። 7 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ሲቀረው ክሊቭላንድ 80 ለ 79 ይመራ ነበር። 40 ደቂቃ ያህል ተጫውተዋል ማለት ነው። ብላት ከአንድ ዓመት በፊት ማካቢ ቴል አቪቭን የዩሮሊግ ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው፤ በአውሮፓ ሜዳ ጨዋታ የሚያልቀው በ40 ደቂቃ ነው። በለመደው ሰዓት ቢሆን ውሳኔው እንደ ድል ይነገርለት ነበር። የፈረሰው በቀሪው ነው፣ 25 ለ 11።

እዚህ ላይ የሁለቱ ውሳኔ ልዩነት ግልጽ ይሆናል። ኬር ቦገትን ሲያስቀምጥ የሚገባው ኢጉዳላ ነው፤ ያውም የሌብሮን ዋና ጠባቂ። ብላት ሞዝጎቭን ሲያስቀምጥ ደቂቃዎቹ የሚከፋፈሉት ቀድሞውኑ በደከሙ ሰዎች ላይ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያሉት እንደ ማይክ ሚለርና ጄምስ ጆንስ ያሉ አንጋፋ ወርዋሪዎች ናቸው፣ ሁለቱም የ1980 ተወላጆች። ስለዚህ «ለምን አስቀመጠው?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ነው። ሙሉው «አስቀምጦ ማንን አስገባ?» ይላል።

እኛ ብላትን የምንከሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ 9 ደቂቃ አነሰ። መጀመር አያስፈልገውም ነበር፤ ግሪን በሚያርፍባቸው ደቂቃዎች ሞዝጎቭ ቢገባ ከ14 እስከ 16 ደቂቃ ይደርሳል፣ ትሪስታን ቶምሰንም ትንሽ ይተነፍሳል። በስድስተኛው ጨዋታ ብላት ሞዝጎቭን መልሶ አስገባው፤ 17 ነጥብና 12 ሪባውንድ አመጣ፤ ክሊቭላንድ ግን በ105 ለ 97 ተሸንፎ ዋንጫው ሄደ። ረጅምም ሞከረ፣ አጭርም ሞከረ። ኢጉዳላ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ስለ ብላት ስትከራከሩ የታክቲክ ጥፋትንና የአሠራር ጥፋትን አትቀላቅሉ። በዚያው ዓመት ከቺካጎ ጋር በተደረገው አራተኛ ጨዋታ ታይም አውት ሳይኖረው ሊጠራ ሲል ረዳቱ ታይሮን ሉ ጎትቶ መለሰው። ዳኛ ቢያየው ቅጣት ነበር። ይህ በምንም ሊከላከሉለት የማይቻል ነው፣ ስለ ሞዝጎቭ ግን ምንም አያስረዳም። በጃንዋሪ 2016 ብላት በ30 ድልና በ11 ሽንፈት የሊጉን የምሥራቅ ምድብ እየመራ ሲባረር ቦታውን የያዘው ያው ሉ ነው።

በክርክራችን አሁን የሚሠራው ሕግ ይህ ነው፦ «እገሌ መግባት ነበረበት» የሚል ሰው 240ውን ደቂቃ ሞልቶ ያቅርብ፣ ከማን ደቂቃ ላይ እንደሚቀንስ በስም ይጻፍ። ከሰንጠረዡ በፊት የሚጮኸው ድምፅ ከሰንጠረዡ በኋላ በግማሽ ይቀንሳል።

ቀጣዩ ሉህ የ2016 ሰባተኛ ጨዋታ ነው፣ ክሊቭላንድ 93 ለ 89 ያሸነፈበት። ቦገት በጉዳት የለም፣ ኬር ፌስተስ ኤዜሊን አስጀምሯል። ሁለት ሰው የኤዜሊን ደቂቃዎች ለየብቻ ይሙላ፣ ከዚያ ይነጻጸር። ከ89 እኩል ጀምሮ ኧርቪንግ 53 ሰከንድ ሲቀር ሦስት ነጥብ እስኪያገባ ድረስ ነጥብ ያልታየበት ጊዜ ደግሞ ጥቃት በጥቃት ይጻፋል፣ ስድስተኛው ዓምድ በጥንቃቄ።