ልጅን «ስንቴ ነው?» ብሎ ማፋጠጥ

ልጅ የደረሰበት ጥቃት ስንቴ እንደሆነ ተጠይቆ ቁጥር ከቀያየረ ዋሽቷል የሚሉ ሰዎች በጣም ነው የሚያናድዱኝ። መጀመሪያ «ሁለቴ» ብሎ ቆይቶ «አስር ጊዜ» ሲል በቃ ፈጥሮ ነው ይባላል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ተከላካይ ጠበቃው የሚጠብቀው ይቺኑ ነው። እስቲ እናንተ ራሳችሁ ባለፉት ሁለት አመታት ስንቴ ሀኪም ጋ ሄዳችሁ? እያሰባችሁ ነው አይደል 😄

አንድ ልጅ እስከ ሀያ መቁጠሩ ሌላ፣ የደረሰበትን ነገር መቁጠር ሌላ። ጣቱን ማየት ይችላል፣ ያለፈን ነገር ለመቁጠር ግን እያንዳንዱን ለየብቻ ማስታወስ አለበት፣ የተደጋገመ ነገር ደግሞ ይቀላቀልና «ይመጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ ከዛ እንዲህ ያደርጋል» አይነት አንድ ታሪክ ይሆናል፣ ካትሪን ኔልሰን የምትባል ሳይኮሎጂስት ስክሪፕት ያለችው ይሄንን ነው። የሚገርመው ነገሩ በተደጋገመ ቁጥር ልጁ ምን ምን እንደሚደረግ ይበልጥ አጥርቶ ያውቃል፣ የቱ በየትኛው ቀን እንደሆነ ግን ይጠፋበታል።

«መቼ» የሚለውም ያው ነው። ትዝታ ላይ ቀን አልተጻፈም፣ እኛ አዋቂዎችም «ሹራብ ለብሼ ነበር፣ ስለዚህ ብርድ ነበር» እያልን ነው የምንደርስበት። ለዛ ደግሞ ወራትንና ወቅቶችን በቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል። ሳይኮሎጂስቱ ዊልያም ፍሪድማን በፈረንጆቹ 1991 ባወጣው ጥናት የ4 አመት ልጆች እንኳ ከአንድ ሳምንት በፊት የሆነውን ከ7 ሳምንት በፊት ከሆነው ለይተው የቱ እንደሚቀርብ ተናግረዋል፣ ወሩን ሲጠየቁ ግን የለም።

በፈረንጆቹ 2012 በወጣ ጥናት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከቤተሰብ ተለይተው የሚያድጉ ከ6 እስከ 10 አመት የሆኑ ልጆች ስንቴ ቤት እንደቀየሩና ስንቴ ፍርድ ቤት እንደቀረቡ ተጠይቀው መልሳቸው ከመዝገብ ጋር ተያይቶ ነበር፣ ብዙዎቹ በቁጥሩም በጊዜውም ተቸግረዋል። እነዚህ እኮ የተረጋገጡ ነገሮች ናቸው! ማንም ቤት አልቀየርክም አይላቸውም።

ስለዚህ ልጆችን ኢንተርቪው ማድረግ የሰለጠኑ ሰዎች ቁጥር አይጠይቁም። «አንዴ ነው ወይስ ከአንዴ በላይ?» ይላሉ፣ ከአንዴ በላይ ካለ «የመጨረሻውን ንገረኝ»፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን፣ ቀጥሎ በደንብ ትዝ የሚለውን፣ እንዲህ አንድ በአንድ። ምክንያቱም ልጅ «ስንቴ?» ተብሎ ሲጨነቅ አላውቅም ከማለት የመጣለትን ቁጥር ይናገራል፣ ያ ቁጥር አንዴ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ደግሞ በኋላ የሚመዘነው በሱ ነው።