ኮሎኔል ፓርከርና ወደ ክፍሌ የሚመጡት ዕጩ መምህራን

ኮሌጅ ሳለን ሞጁሉ ሁሉ ጆን ዱዊ፣ ጆን ዱዊ ይል ነበር። አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ዱዊ ራሱ «የተራማጅ ትምህርት አባት» ያለውን ፍራንሲስ ፓርከርን ግን ያነሳልን አልነበረም። ደሴ ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ በየዓመቱ ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ የሚመጡ ዕጩ መምህራንንም እቀበላለሁ። ስለዚህ ሰው ልጽፍላችሁ የፈለግሁትም ለዚሁ ነው።

ፓርከር በ1837 እ.ኤ.አ. ኒው ሃምፕሸር ተወለደ። ገና በልጅነቱ ማስተማር ጀመረ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘምቶ ቆሰለ፤ ኮሎኔል የሚለው መጠሪያም ከዚያ ጀምሮ አብሮት ኖረ። ጀርመን ሄዶ ካጠና በኋላ በ1875 በማሳቹሴትስ የኩዊንሲ ከተማ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሆነ። የከተማው የትምህርት ቦርድ ቀደም ብሎ ልጆቹን ሲፈትን፣ የሰዋስው ሕጉን በቃላቸው ይሉታል፤ ተራ ደብዳቤ ጻፉ ሲባሉ ግን አይችሉም። እኔም ክፍል እኮ የስም ዓይነቶችን አንድ ሳያስቀር የሚዘረዝር ልጅ አለ፤ «ለእናትህ ደብዳቤ ጻፍ» ስለው እርሳሱን ይነክሳል።

ፓርከር ሽምደዳውን አስቀርቶ ጋዜጣና መምህራኑ ራሳቸው ያሰናዱትን ጽሑፍ ማስነበብ ጀመረ። ጂኦግራፊውም ደጅ ካለው ኮረብታና ጅረት ተነሣ። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ከ1883 ጀምሮ ቺካጎ አጠገብ በኩክ ካውንቲ የመምህራን ማሠልጠኛ የሠራው ነው። ማሠልጠኛው የራሱ የልምምድ ትምህርት ቤት ነበረው። ሠልጣኙ እውነተኛ ልጆች ፊት ቆሞ ያስተምራል፤ ነባር መምህራን እያዩት ይተቹታል። ፓርከር መምህር ከሁሉ በፊት ማጥናት ያለበት ልጁን ነው ይል ነበር፤ የትምህርት ዓይነቶቹ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ለወሎ ሰው ባዳ ነገር አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ደጃችን ነው። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ቀድሞ የገባው፣ የኔታ እየሰሙት፣ ለኋለኛው ያስቀጽላል። ዳናና ጌታን በመሳሰሉት የቂርኣት (የእስልምና ትምህርት) ቦታዎችም ደረሳው፣ ማለትም ተማሪው፣ ከሸኹ ይቀራል፣ ለታናሹም ያስቀራል። ማስተማርን እያስተማሩ፣ አዋቂ እያየ መማር እዚህ ድሮም ነበረ።

በ1995 ዓ.ም. ቴሶ የሚባለው የመምህራን ትምህርት ለውጥ ሲመጣ ለፕራክቲከም ትልቅ ቦታ መስጠቱ በጣም ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚያሳዝነኝ ሥራው ወደ ቅጽ መሙላት ማዘንበሉ ነው። ዓላማ ተጽፏል? መርጃ መሣሪያ አለ? ይታይና ይፈረማል። ልጁስ ምን ገባው? የሚለውን የሚጠይቅ የለም።

በቅርቡ አንዲት ዕጩ መምህርት አካባቢ ሳይንስ ልታስተምር ገባች። ተራራ፣ ኮረብታና ሸለቆ በማርከር የተሣሉበት ማኒላ ወረቀት ይዛለች፤ ሥዕሉ ያምራል። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ጦሳ ተራራ ነው ኮረብታ?» አለቻት። እሷ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ በመስኮቱ ጦሳን አሳየኋት። ወዲያው ገባትና ልጆቹን ይዛ ወጣች። የበልግ ዝናብ ባራሰው አፈር ጦሳን ሠሩ፤ ባሻገሩ አዝዋ ገደልን ሠሩ። ከሃይላንድ ውኃ ሲያፈሱበት ውኃው በመሐል መንገድ አበጀ። «ቦርከና! ቦርከና!» ብለው ጮኹ። እጁን አውጥቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ዝቅ ያለውን ቦታ በጣቱ ጫር ጫር አደረገና «ኮምቦልቻ እዚህ ጋ ነው፤ አክስቴ እዚያ ናት» አለ። ወንዝ ለምን ቁልቁል እንደሚሄድ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

ከሰዓት በኋላ «ይሄን ቅጹ ላይ የት ልጻፈው?» አለችኝ። ቦታ የለውም። «አብሽሪ፣ ከጀርባው ጻፊው፤ ልጁ ያለውንም ያደረገውንም ጻፊ» አልኳት። አሁን ከሚመጡት ዕጩዎች እያንዳንዱ አንድ ልጅ መርጦ ያየውን በየቀኑ ይጽፋል፤ ልጆቹ ሲሸኙ መምህራን ማረፊያ ሻይ ይዘን ስለዚያ ልጅ እንነጋገራለን።

የፓርከር ዓይነት የልምምድ ትምህርት ቤት ይሠራልን ብል ገንዘቡ ከየት ይመጣል እባላለሁ። ለጊዜው የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ሜንተር የሆነ መምህር ዕጩ በሚቀበልበት ወቅት ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው ይቀነስለት፤ ከኮሌጅ የሚመጣው ሱፐርቫይዘርም ፈርሞ ከመሄዱ በፊት ከእኛ ጋር ይቀመጥ።