15 ኢንች ወደ ፊት

ከሰባት ወር በፊት የጀመርኳት የ1965 ፕሊመዝ ቤልቬደር የፕላስቲክ ሞዴል ባለፈው ሳምንት በአራት ጎማዋ ቆመች። ከካርቶኗ ስትወጣ በ1/25 መጠን የተሠራች ጨዋ የቤተሰብ መኪና ነበረች፤ አሁን ግን የኋላ ጎማዎቿ ወደ ስፖርቴሎው ተጠግተው፣ የፊቶቹም ወደ ፓራውልቱ ሸሽተው፣ ያያት ሁሉ ገጣጣሚው ተሳስቶ ነው የሚላት ሆናለች። ባለቤቴም ከማእድ ቤት ጠረጴዛችን ላይ አንስታ ካገላበጠቻት በኋላ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጎማው ቦታውን ስቷል ወይስ እንዲህ ነው?» ብላ ነው። መልሱ እንዲህ ነው የሚል ነው፤ ሰባቱን ወር የፈጀውም ይኸው የጎማ ቦታ ነው።

ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1965 ለጥቂት የተመረጡ ተወዳዳሪዎች ብቻ የሚሰጣቸው ዶጅና ፕሊመዝ መኪኖች አዘጋጅቶ ነበር። በእነዚህ መኪኖች ላይ የኋላው አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ) 15 ኢንች፣ የፊቱ ደግሞ 10 ኢንች ወደ ፊት እንዲመጣ ተደርጓል። ውድድሩ ከቆመበት ተነስቶ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ያህል፣ በቀጥታ መስመር መጨረስ ስለሆነ፣ የሚያሸንፈው ኃይል ያለው ብቻ ሳይሆን ኃይሉን ጎማው ባለበት ሳይሽከረከርበት አስፋልት ላይ ማሳረፍ የቻለው ነው። የዘመኑ ጎማ 426 ኪዩቢክ ኢንች ወይም 7 ሊትር የሆነውን የሄሚ ሞተር ጉልበት አጥብቆ መያዝ ይቸግረው ስለነበር፣ የመኪናው ክብደት ይበልጥ በኋላ እግር ላይ እንዲጫን መላ መፈለግ ነበረበት። ጋሪ የነዳ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ጭነቱ ከጎማው ወደ ኋላ ካደላ ጋሪው ፈረሱን ሽቅብ ያነሳዋል። የክራይስለር መሐንዲሶች ጭነቱን ወደ ኋላ ከመግፋት ይልቅ ጎማውን ወደ ፊት ስበው ከጭነቱ ሥር አስገቡት።

ኤን.ኤች.አር.ኤ. የተባለው ትልቁ የውድድር ማኅበር እነዚህን መኪኖች በፋብሪካ መኪኖች ምድብ አልቀበልም ሲል፣ ተቀናቃኙ ኤ.ኤች.አር.ኤ. ተቀበላቸው፤ በየከተማው በክፍያ በሚዘጋጁ የሁለት መኪና ግጥሚያዎች ላይም እነ ሮኒ ሶክስ፣ ዲክ ላንዲና ቡች ሊል እየነዷቸው ሕዝቡን ጉድ አሰኙ። መልካቸው አስቂኝ ስለነበር «ፈኒ ካር» የሚለው ስም ወጣላቸው፤ ስሙ ኋላ ላይ ወደ ሌላ ዓይነት መኪና ቢሻገርም መነሻው ይኸው የጎማ መሸሽ ነው።

ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ። 15 ኢንች 381 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ25 ሲካፈል 15.2 ይሆናል። 10 ኢንቹም እንዲሁ 10.2 ይሆናል። በእውነተኛዋ መኪና በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 116 ኢንች ስለሆነ በሞዴሉ 117.9 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል፤ ከለውጡ በኋላ ደግሞ 112.8። እነዚህን ቁጥሮች በእርሳስ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ቦዲው፣ የውስጡ ወለልና ሻንሲው ሦስቱም ለየብቻ ስለሚቆረጡ፣ በአንዱ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ሦስቱን ሊገጥም ሲነሳ ነው።

የቦዲው አቆራረጥ እንዲህ ነው። ከኋላው የጎማ ቅስት ፊት ለፊት 15.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይለካል፤ ከቁራጩ በፊት፣ በቁራጩና በቅስቱ መካከል፣ ከቅስቱም በስተጀርባ ቀጥ ያሉ ሦስት ቁርጦች ይወርዳሉ። ከላይ የሚቆረጠው፣ በጎኗ ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው መስመር እንዳይነካ፣ ከመስመሩ በታች ነው። ከዚያ ቅስቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ቁራጩ ደግሞ ቅስቱ በለቀቀው ቦታ ይገባል። ሲነገር ቀላል ነው፤ ቦታ መለዋወጥ ብቻ ይመስላል።

የመጀመሪያውን ቦዲ ያበላሸሁት ይህንኑ አምኜ ነው። ብረት ከምቆርጥበት ሰጌቶ ላይ የተሰበረ ስለት ወስጄ ቆረጥኩ። ስለቱ በእያንዳንዱ ቁርጥ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ፕላስቲክ ወደ ዱቄት እንደሚለውጥ አላሰብኩም ነበር፤ ሦስት ቁርጥ ሲደመር 2.4 ሚሊ ሜትር፣ በእውነተኛዋ መኪና ስድስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ማለት ነው። ክፍተቱን በስቱኮ ሞላሁት። ስቱኮ ይሞላል ብሎ ነገሩን ማቃለል የሰነፍ ባቲላሜራ አመል መሆኑን እያወቅሁ፣ በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጌ ለቀለቅሁት። የዚህ ዓይነቱ ስቱኮ የሚደርቀው በውስጡ ያለው ማሟሟያ እየተነነ ነው፤ ወፍራም ሲሆን ማሟሟያው መውጫ አጥቶ ሥሩ ያለውን ፕላስቲክ ያለሰልሰዋል። በማግሥቱ የግራው ጎን በአውራ ጣት ተጭነው የተዉት ሊጥ መስሎ ጎድጉዶ አገኘሁት።

ለሁለተኛው ቦዲ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሞዴል መቁረጫ መጋዝ ገዛሁ፤ የሚጠፋውንም አስቀድሜ አስቤ ቁራጩን በዚያው ልክ አሰፋሁት። ከውስጥ በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ገበታ እንደ ላሜራ ደገፍኩበት፤ ማጣበቂያውም ፕላስቲኩን አቅልጦ እርስ በርሱ የሚያዋህድ ዓይነት ስለሆነ፣ ስቱኮ የቀረለት ለጭረት ብቻ ነው። ያንንም ስስ አድርጌ ቀባሁና ሳልነካው ሳምንት አስቀመጥኩት። ስቱኮ ሲደርቅ ቀስ እያለ ይኮማተራል፤ ሳይጨርስ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰው ሰው፣ ቀለም ከቀባ ከወር በኋላ የድሮውን ቁርጥ እንደ ጠባሳ ተነስቶ ያየዋል። ግራጫውን መነሻ ቀለም ሦስት ጊዜ ቀብቼ ሦስት ጊዜ ፍቄአለሁ፤ ግራጫ ቀለም የሚያጋልጠውን ያህል ዓይንም ጣትም አያጋልጥም።

ስለ ውፍረትም አንድ ነገር ልበል። ሞዴል ሠሪዎች የሚከራከሩት ስለ ቀለሙ ዓይነት ነው፤ እኔ ግን ሞዴልን ከእውነተኛ መኪና የሚለየው ከሁሉ በላይ ጠርዙ ነው ባይ ነኝ። የቦዲው ፕላስቲክ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ በ25 ሲባዛ ወደ አራት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ላሜራ ማለት ነው። የእነዚህ መኪኖች ላሜራ ደግሞ ክብደት እንዲቀንስ አሲድ ውስጥ ተነክሮ እንዲሳሳ የተደረገ ሲሆን ኮፋኖው፣ የፊት ፓራፋንጎው፣ ስፖርቴሎውና ሌላውም በፋይበር ግላስ ተተክቶ ነበር። ስለዚህ የአራቱን ቅስቶች ጠርዝ ከውስጥ በኩል በቢላ እየላጨሁ፣ ብርሃን ሊያሳልፍ እስኪቃረብ ድረስ አሳሳሁት። ሁለት ምሽት ፈጀ። ማንም ልብ አይለውም፤ ግን ጎማው ከሥሩ ሲገባ መኪናዋ ድንገት ቀለለች።

ወለሉና ሻንሲው ያን ያህል አላስቸገሩኝም። የኋላ መቀመጫ ስለማያስፈልግ ወለሉን ቆርጬ ለጎማዎቹ ቦታ ከፈትኩ፤ ባሌስትራውን ከነዲፍረንሻሉ 15.2 ሚሊ ሜትር አመጣሁ፤ ከካምቢዮ ወደ ዲፍረንሻል የሚሄደውንም ዘንግ በዚያው ልክ አሳጠርኩት። መስኮቶቹን ከካርቶኑ ጋር የመጣው ወፍራም ፕላስቲክ ስላላማረኝ የሸሚዝ ማሸጊያ ከሆነ ስስ ፕላስቲክ ቆርጬ ተካኋቸው።

ሞተሩ ላይ ግን ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ፤ አልጸጸትም። በዚያ ዓመት ካርቡራቶሩ ተነስቶ ከኮፋኖው በላይ የሚወጡ ስምንት የአየር ቱቦዎች ያሉት የሂልቦርን ነዳጅ መርጫ እነዚህ መኪኖች ላይ ገብቶ ነበር። ቱቦዎቹን ከ2.4 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ቱቦ ቆረጥኩ፤ አፋቸውንም በእርሳስ መቅረጫ ሳይሆን በደነዘዘ የምስማር ጫፍ ቀስ እያልኩ እያዞርኩ እንደ መለከት ከፈትኩት። ከአሥራ አንድ ሦስቱ ተሰነጠቁብኝ፤ ስምንት ቀሩኝ፤ ዕድል ነው። የሄሚ ሻማዎች የሚገቡት በቫልቭ ክዳኑ መካከል ስለሆነ በእያንዳንዱ ክዳን ላይ አራት ቀዳዳ በስቼ 0.3 ሚሊ ሜትር ሽቦ አስገባሁ። ኒኬል የተቀቡት ክፍሎች መስታወት ይመስሉ ስለነበር በረኪና ውስጥ ዘፈዝፌ ብልጭልጩን አወለቅሁና አልፎ አልፎ ዘይት እንደነካው ብረት በጥቁርና ቡናማ አደበዘዝኳቸው። የልብስ ማጠቢያው በረኪና ለምን ቶሎ እንዳለቀ የተጠየቅሁትም ያኔ ነው።

ቀለሟን ነጭ አደረግሁት፤ የማንም ተወዳዳሪ ስም አልጻፍኩባትም። ስም ከጻፍኩ የአንድን ሰው መኪና በአንድ ቀን በተነሳች ፎቶግራፍ ልክ መሥራት ግዴታዬ ይሆናል፤ የፊደሉ ዘንበል ማለት እንኳ ይቆጠራል። ነጭ ደግሞ ስሕተት አይደብቅም፤ በቀኝ በኩል ከጎማው ኋላ ፀሐይ በጎን ስትመታት ብቻ የምትታይ ፀጉር የምታህል መስመር ቀርታለች። አላነሳኋትም። የእውነተኞቹም መገጣጠሚያ ለውድድር ተጣድፎ የተሠራ ነበርና እንዲያውም ትመስላለች።

ትናንት ማታ ከአክስል አክስል ለካኋት፤ 113 ሚሊ ሜትር ሞላች። የጎደጎደው የመጀመሪያው ቦዲ የቀለም መሞከሪያ ሆኖ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ግራ ጎኑ አምስት ዓይነት ነጭ ተቀብቷል።