የእርዱ ባንዲራ

ጣጣው የመጣው ከዋጋ ነው። የካቲት ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሆነ ነገር ሁሉ ዋጋው ሽቅብ ነው። የእጅ ክሩም፣ ሻርፑም፣ መኪና ውስጥ የምትንጠለጠለዋ ሚጢጢ ባንዲራም። የበረንዳዬን ብረት ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ጨርቅ ፈልጌ ፒያሳ አንዱን ሻጭ ልጅ ዋጋ ጠየቅኩት። ነገረኝ። "ጥቅሉ በሙሉ ነው?" አልኩት። ሜትሩ ነው ለካ።

ማታ ቤት ገብቼ አዋጅ አወጣሁ። "ዘንድሮ ለዓድዋ ቤታችንን የምናስጌጠው በገዛ እጃችን ነው።"

ባለቤቴ ከስልኳ ቀና ብላ "እጃችን ስትል የማን እጅ ነው?" አለችኝ።

"የኔ።"

"እንደሱ በል።"

ዕቅዴ ቀላል ነበር። አቡጀዴ ገዝቼ ሦስት ቦታ እቀድዳለሁ፣ እያንዳንዱን ከወጥ ቤት በሚገኝ ነገር ቀለም እነክራለሁ፣ ከዚያ እሰፋዋለሁ። ቢጫው በእርድ፣ ቀዩ በቀይ ስር፣ አረንጓዴው በቆስጣ። የጨርቅ ቀለም መርካቶ እንደሚሸጥ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ኩራት ያዘኝ። የነጻነትን በዓል በባዕድ ቀለም አላከብርም አልኩ። እውነቱን ለመናገር መርካቶ ድረስ ሄዶ መጋፋቱ ሰንፎኝ ነው።

ቅዳሜ ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ እህቷ ቤት ልታድር ሄደች። በር ላይ ዞር ብላ "ድስት ከፈለግክ መጠቀም ትችላለህ" አለችኝ። ይቺን አባባል ልብ በሉልኝ። እሷ ያሰበችው ታች ጥግ የተወሸቀውን፣ እጀታው የወለቀውን አሮጌ ድስት ነው። እኔ የገባኝ ፊት ለፊት የተቀመጠው ነጩ ነው። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ማለት ይኸው ነው። በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በጣሊያን በኩል ማድረግ ይችላሉ፤ ደስ ካላቸው። በጣሊያንኛው ግን ግዴታቸው ነው። በ1881 በአንዲት ቃል የተጀመረ ጠብ በ1888 ዓድዋ ላይ ለየለት። የኛ ቤቱ ሰባት ዓመት አልፈጀም። በማግስቱ ምሳ ላይ ለየለት።

ነጩ ድስት ውስጥ ውኃ አፍልቼ የቤቱን እርድ በሙሉ ገለበጥኩበት። በሙሉ ስል ባለቤቴ ለሁዳዴ ክክ አልጫ ብላ ያስፈጨችውን አንድ ጣሳ ማለቴ ነው። ጨርቁን ነከርኩ። በማንኪያ አልገላበጥ ሲለኝ በረድ እስኪል ጠብቄ ሁለት እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያወጣሁት ቢጫ! አደይ አበባ አጠገቡ ብታቆሙት ይሸማቀቃል። ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላክኩለት። "ባለሙያ!" ብሎ መለሰልኝ። ያጠፋኝ ይሄ ቃል ነው።

ቀይ ስሩን ከትፌ ቀቀልኩ። ምድጃውና ግድግዳው የጦር ሜዳ መሰለ። ጨርቁ ግን ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ወጣ። ቆስጣው ላይ ስደርስ ቧንቧው ፉጭ አለና ቀጥ አለ። የኮንዶሚኒየም ውኃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃችን አበቃ።

በጥር 1888 መቀሌ እንዳየሱስ ምሽግ ውስጥ የመሸገው የጣሊያን ጦር በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተይዞበት፣ በውኃ ጥም ተቃጥሎ ምሽጉን ለቆ እንደወጣ ትምህርት ቤት ተምረናል። ያኔ የኛ ሰው ብልሃት ነው ብዬ ነበር ያጨበጨብኩት። ቅዳሜ ማታ ግን ቢጫ ክንዴን ወደ ላይ ቀስሬ፣ ሸሚዜ በቀይ ስር ተረጭቶ፣ ከደረቀ ቧንቧ ፊት ቆሜ ስለ ምሽጉ የጣሊያን አዛዥ ስለ ማጆር ጋሊያኖ አሰብኩ። አዘንኩለት።

ጀሪካን ውስጥ የቀረችውን ውኃ ለቆስጣው አዋልኳት። ቆስጣው የሰጠኝን ቀለም ምን ልበለው? ያደረ ሻይ ነገር። ለነገ ብዬ ሦስቱንም በረንዳ ላይ አሰጣኋቸውና ሳልታጠብ ተኛሁ። አንሶላውን ተዉት።

እሁድ ጠዋት ውኃ መጣ። ጨርቆቹ ደርቀዋል። ችግሩ ቢጫው አልጫ አልጫ ይሸታል። ባንዲራ ወጥ ወጥ ሊሸት አይችልም ብዬ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩትና የልብስ ሳሙና አንስቼ ማሸት ጀመርኩ።

ሳሙናው ያረፈበት ቦታ መጀመሪያ ብርቱካን መሰለ። ቀጥሎ ሸክላ መሰለ። ቀጥሎ ቀላ። ዓይኔ እያየ። አረፋው ራሱ ቀላ። ሰውነቴን የቆረጥኩ መስሎኝ እጄን አገላብጬ አየሁ። አልቆረጥኩም፤ ጨርቁ ነው የሚቀላው። በስመአብ ብዬ ሳሙናውን ጣልኩ።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታጠናለች። ደወልኩላት። መጀመሪያ ሳቋን ጨረሰች።

"ጋሼ፣ እርድ እንደሱ ነው። ሳሙና ወይ አመድ ሲነካው ይቀላል። ሎሚ ወይ አቼቶ ስታደርግበት ደግሞ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ላብራቶሪ ውስጥ እንሠራበታለን።"

"ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?"

"ባንዲራ በእርድ እንደምትነክር በምን ልወቅ?"

እውነቷን ነው። ይባስ ብሎ የቀይ ስሩን ጨርቅ ሳለቀልቀው ቀለሙ ተጠራርጎ ሄደና የሕፃን ፒጃማ የመሰለ ሮዝ ቀረኝ። ይሄኔ ጭንቅላቴ ሠራ። ሳሙና የነካው እርድ ቀይ ነው አይደል? እንግዲያውስ ቀዩ እሱ ነው። ሮዙን ድስቱ ውስጥ በተረፈው እርድ እነክረዋለሁ፤ ቢጫ ይሆናል፤ ሳሙና አላስነካውም። አንድ ጣሳ እርድ፣ ሁለት ቀለም! ቆስጣውን ጥዬ ለአረንጓዴው ቁም ሳጥን ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አሮጌ አጎበር አገኘሁ። መልኩ ቁርጥ ባንዲራ ነው። ትንሽ ያሳያል እንጂ።

ክር ልገዛ ስወርድ የግቢው ጥበቃ እጄን አየና ፊቱ ተለወጠ። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ "ጋሼ፣ እስቲ ዓይንዎትን ያሳዩኝ" አለኝ።

"ምነው?"

"የወፍ በሽታ ነው። አይደብቁ። ቅጠል የሚሰጡ አንድ ሴትዮ አውቃለሁ፤ በሦስት ቀን ነው የሚያድኑት።"

እርድ ነው ብዬ ማልኩለት። አላመነኝም። ስመለስ የሴትዮዋን ስልክ በወረቀት ጽፎ ጠበቀኝ።

ባለቤቴ ከምሳ በፊት ገባች። ነጩን ድስት አነሳች። ነጭ አይደለም። በበረኪና አሸችው፣ በሽቦ ፈተገችው፤ ድስቱ እንደ ማር እንጀራ ቢጫ ሆኖ ቀረ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብላ ምሳ ሠርታ አቀረበች፤ ክክ አልጫ። ነጭ ነው። እንደ ገንፎ ነጭ።

"እርዱስ?" አልኩ ሳላስብ።

"በረንዳ ላይ ተሰቅሏል" አለችኝ።

ከምሳ በኋላ አጎበሩን ቀድጄ፣ ሦስቱን ሰፍቼ ጨረስኩ። ከበረንዳው ብረት ጋር እንዲመቸኝ ብዬ ወደ ታች አንጠለጠልኩት። ከውስጥ ሆኜ ሳየው ከግራ ወደ ቀኝ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር አሉ። ከበረንዳቸው ጮክ ብለው ተጣሩ።

"አንተ ልጅ! የጊኒ ኤምባሲ ሆንክ እንዴ?"

"ምን አደረግኩ ጋሼ?"

"በቁመት የተሰቀለ፣ ከዚህ ሲታይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ጊኒ ነዋ!"

"ከዚህ ሲታይ ግን አረንጓዴ ነው ጋሼ የሚቀድመው!"

"እሱማ ማሊ ነው!"

ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ማሊ፣ መንገድ ላይ ጊኒ ሆኜ ቆይቻለሁ ማለት ነው። አውርጄ በአግድም ሰቀልኩት። እሳቸው ወንበር አምጥተው ተቀምጠዋል። ሻይም ይዘዋል። አየት አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አሁን ደግሞ ውቅያኖስ ተሻገርክ። ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች፤ ቦሊቪያ!"

በሦስተኛው ኢትዮጵያ ደረስኩ። መሃሉ ላይ ኮከብ ይኑር አይኑር የሚለውን ክርክር እንኳ አላነሳሁም፤ እኔ ገና ከቀለሙ ጋር ትግል ላይ ነኝ። ነፋስ ሲነሳ ታዲያ አዲስ ጉድ መጣ። አረንጓዴው አጎበር አይደል? ከኋላው ገመድ ላይ ያሰጣሁት የውስጥ ሱሪዬ ፍንትው ብሎ ይታያል። መምህሩ ይሄንን በጨዋነት አልተናገሩም። የግቢው ልጆች ግን ተናገሩ።

ለልጄ ደግሞ ጋሻ ቃል ገብቼላት ነበር። ከማካሮኒ ካርቶን ክብ ቆረጥኩ፣ መሃሉን ጎበጥ አደረግኩ፣ በዱቄት ሙጫ ወረቀት ደራረብኩበት። ቆዳ እንዲመስል የቡና አተላ ቀባሁት። ለአንበሳ ጎፈሩ አዲሱን የወለል መወልወያ ራሱን ነቅዬ ግንባሯ ላይ አሰርኩላት። እሱ እንኳ ደህና ነበር።

ማታ እማዬ በዓሉን ከኛ ጋር ልታሳልፍ መጣች። አያቷ ዓድዋ ዘማች ናቸው። ጋሻውን አንስታ አገላበጠችው፣ አሸተተችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጋሻ ነው እማዬ።"

"አያቴ የጎሽ ቆዳ ይዞ ነው የዘመተው። የማካሮኒ ካርቶን አይደለም።" አስቀመጠችውና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

የካቲት 23 ጠዋት ልጄ ቀድማን ተነሳች። ቀሚሷን ለብሳ፣ መወልወያዋን አስራ ጋሻዋን ፍለጋ ቤቱን አተራመሰችው። የለም። በመጨረሻ ወጥ ቤት ገባሁ። እማዬ ምጣድ ጥዳ እየጋገረች ነው። ከምጣዱ የሚወጣውን ትኩስ እንጀራ የምትደረድረው ጋሻዬ ላይ ነው።

"ሰፌድ አጣሁ፤ ይሄ ተገኘ" አለችኝ። ሰባት እንጀራ አርፎበታል። ካርቶኑ በእንፋሎት ርሶ እንደ እንጀራው ለስልሷል። ሳነሳው ከመሃል ታጠፈ። ታችኛው እንጀራ ላይ የቡና አተላ ክብ ታትሟል።

ልጄ ልታለቅስ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ባለቤቴ ከፍሪጁ ጀርባ ሰፌዱን መዘዘችው። ባለ ቀለም የአክርማ ስፌት ነው፤ ክብ፣ ጠንካራ። ከኋላው ሲባጎ አስራ እጇ ላይ አጠለቀችላት። በቃ፤ ጋሻ። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አየት አደረገችኝ።

"ቢያንስ ባንዲራው አለ" ብዬ በረንዳ ወጣሁ።

አረንጓዴ። ቢጫ። ቢጫ።

ዓይኔን አሸሁ። አሁንም ቢጫ፣ ቢጫ።

"እማዬ! ይሄን ጨርቅ የነካው አለ?"

"እኔ ነኛ" አለች ከውስጥ፣ ድምጿ ውስጥ ኩራት አለ። "ታችኛው ላይ ወጥ ፈሶበት እንደ ደም ቀልቶ አየሁት። ለበዓል እንዲህ ይሰቀላል? ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ በሎሚ ፈተግኩት። አምስት ሎሚ ፈጀብኝ። ለቀቀ አይደል?"

ለቀቀ። የእህቴ ልጅ ላብራቶሪ ውስጥ እንደዚህ አጥርታ መሥራቷን እጠራጠራለሁ። ፊት ለፊት መምህሩ ሻያቸውን ይዘው ወጥተው ነበር። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። የዚህን አገር ስም እሳቸውም አላገኙትም።

አውርጄ አጣጠፍኩት። ሁላችንም ወደ ፒያሳ ወጣን። የምኒልክ ሐውልት ዙሪያ ሰዉ ግጥም ብሏል፤ ፎከራው፣ ሽለላው፣ እልልታው። የልጄን ሰፌድ ያላየ የለም። ሁለት እናቶች "የት ነው የገዛችሁት?" ብለው ጠየቁን። ባለቤቴ "አባቷ ነው የሠራላት" አለቻቸውና ሳቋን ዋጠች።

ያ ሻጭ ልጅ እዚያው ቦታው ላይ ቆሟል። ዋጋው ከበፊቱም ጨምሯል። አልተከራከርኩም። ኪሴ ገብቼ ብር ሳወጣ ዓይኑ ጣቶቼ ላይ ቀረ። እስከ ክርኔ ተከተለው።

"ፋዘር" አለኝ ጥቅሉን መልሶ እያስቀመጠ፣ "ላንተ አረንጓዴና ቀዩን ብቻ ልቁረጥልህ። ቢጫውን ይዘኸው መጥተሃል።"